የሲጄ እናት ቤት

እናቴ ባረፈች በአራተኛው ቀን ሌሊት፣ የእህቴ ልጅ ከጎኔ ጋደም ብሎ በስልኩ ጌም ይጫወት ነበር። ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። እኔ በትከሻው ላይ አሻግሬ አይ ነበርና አንድ ቦታ ሲደርስ «ቆይ፣ አትለፈው» አልኩት። ዞር ብሎ በመገረም ካየኝ በኋላ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ወሬ ነው፤ ይዘለላል» አለኝ። በዚያ ሰሞን ስንት ሰው ስንት የማጽናኛ ቃል ተናግሮኛል፤ አብዛኛው ተረስቶኛል። ይህች የልጅ አነጋገር ግን እነሆ ሁለት ዓመት ሙሉ አልለቀቀችኝም።

ጌሙ «ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ» ነው። በእኔ ዕድሜ ላለ የጎንደር ልጅ ምንነቱን ማብራራት አያስፈልገኝም፤ ለሌላው ግን፣ ሲጄ የሚባል ወጣት ይዘህ መኪና እየነጠቅህ ከተማና ገጠር የምትዞርበት ጌም ነው። ማስረዳት የምፈልገው፣ በፈረንጆቹ 2004 የወጣን፣ ሥዕሉ ዛሬ ሲያዩት የሚያስቅን፣ ከዳር እስከ ዳር የማውቀውን አንድ ጌም ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው ለምን ደጋግሜ እንደምከፍተው ነው። ብቻዬን እንዳልሆንኩም አውቃለሁ። አብሮኝ ይሠራ የነበረ የሂሳብ ባለሙያ ወር በዘጋ ቁጥር ሶሊቴር ሳይጫወት ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር፤ ሌላው ጓደኛዬ አዲስ የእግር ኳስ ጌም በየዓመቱ እየወጣ እሱ ግን ግማሾቹ ተጫዋቾች ጡረታ በወጡበት በአሮጌው ፔስ ላይ ያንኑ አንድ ቡድን ይዞ ይገኛል። ስጠይቃቸው ሁለቱም «ጭንቅላቴን ያሳርፈኛል» ይላሉ። እኔም ለብዙ ዓመታት የምሰጠው መልስ ይኸው ነበር።

ሰዓት ይቆጥራል

ሳን አንድሪያስን ያወቅሁት በ1999 ዓ.ም.፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ በነበረ አንድ ጌም ቤት ውስጥ ነው። ጌም ቤት ማለት እንግዲህ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሦስት ፕሌስቴሽን 2፣ አንድ የእንጨት አግዳሚና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰዓት ነው። ግማሽ ሰዓት በአንድ ብር ነበር። ባለቤቱ ከሰዓቱ ሥር ተቀምጦ ሲዲ በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ ይጠብቅና ጊዜው ሲደርስ «ሰዓት!» ብሎ ይጮኻል። ጆይስቲኩን ከእጅህ የሚቀበለው ቀጣዩ ልጅ ያኔውኑ ከኋላህ ቆሟል።

በዚህ ጌም ውስጥ የእኛ አንድ ሰከንድ የእነሱ አንድ ደቂቃ ነው፤ ሙሉ ቀንና ሌሊት በሃያ አራት ደቂቃ ያልቃል። ስለዚህ በአንድ ብር ከሲጄ ሕይወት አንድ ቀንና ትንሽ ምርቃት እንገዛ ነበር ማለት ነው። ችግሩ የደረስክበትን የሚያስቀምጥልህ ሜሞሪ ካርድ እንደ ልብ አለመኖሩ ነው። አንድ ብቻ ነበረች፤ እሷንም ባለቤቱ መሳቢያው ውስጥ ቆልፎ ለወዳጆቹ ብቻ ያወጣታል። እኛ ሌሎቻችን በሄድን ቁጥር «ሀ» ብለን ነው የምንጀምረው። ሲጄ ከአውሮፕላን ይወርዳል፤ ታክሲ ይይዛል፤ ፖሊሶች አስቁመው ገንዘቡን ይወስዱበትና በጠላቶቹ ሰፈር ይጥሉታል፤ አንድ ጥግ ላይ ቆማ ያገኛትን ብስክሌት ይዞ ወደ ሰፈሩ ወደ ግሮቭ ስትሪት ይሄዳል፤ ወደ አንድ ቤት ይገባል። ይህን መጀመሪያ በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት መቶ ጊዜ እንደከፈትኩት እንጃ። አንድም ቀን ግን አላየሁትም። ሰዎቹ ማውራት ሲጀምሩ ከኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ድምፅ «ኤክስ! ኤክስ በለው! ሰዓትህ እየሄደ ነው!» ይላል፤ እኔም ኤክስን እጫናለሁ፤ ወሬው ይዘለላል። በግማሽ ሰዓት አንድ ብር እየከፈለ የሰው ወሬ የሚሰማ ማን አለ?

ይልቅስ የምናውቀው ኮዶቹን ነበር። «አር ዋን፣ አር ቱ፣ ኤል ዋን፣ ኤክስ፣ ግራ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ»፤ ዳዊት በቃሉ እንደሚደግም የቆሎ ተማሪ ነበር የምንወርደው። ይህች ኮድ ጤና፣ ጥይት መከላከያና ሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ ዶላር በአንድ ጊዜ ትሰጣለች። ጌሙ ውስጥ ስላለው ስለ ቺሊያድ ተራራም የማናወራው አልነበረም። ጫካው ውስጥ ጠጉራም ግዙፍ ፍጡር አለ ተብሎ ያየው ልጅ አዘዞ እንደሚኖር በስም የሚጠራ ሁሉ ነበር። ያ ወሬ በዓለም ዙሪያ ጌሙን በተጫወተ ልጅ ሁሉ ዘንድ ይወራ እንደነበርና ፍጡሩ ጌሙ ውስጥ ፈጽሞ እንደሌለ የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ አዘዞ ያለው ልጅ ምን እንዳየ እስካሁን አልገባኝም።

አንድ ቅዳሜ ተሲያት በኋላ እናቴ ስትፈልገኝ ጌም ቤቱ ድረስ መጣች። ነጠላዋን እንዳጣፋች በሩ ላይ ቆማ ከብርሃን ወደ ጨለማ ስለገባች ለጊዜው አላየችኝም፤ ልጆቹ ከአግዳሚው ኋላ ሸሸጉኝ። ስለዚህ ዓይኗ ያረፈው ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። እዚያ ላይ ሲጄ አንድ መንገደኛ ከመኪናው ጎትቶ አውርዶ ይደበድባል። እናቴ ጥቂት ካየች በኋላ ከልቧ ተቆጥታ «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነቱ አሳዳጊ የበደለው ነው? እናት የለውም እንዴ?» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ «ኧረ እማማ፣ ጌም ነው!» ቢላት «ጌምም ቢሆን» አለችው። እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ተያዝኩ፤ እስከ ቤት ድረስ ጆሮዬ በእጇ ነበር።

በነገራችን ላይ ተሳስታ አልነበረም። ይህ ጌም በአገሩ ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዳይሸጥ የተመደበ ነው፤ እኛ በአሥራ ሁለት ዓመታችን የምናየውን ነገር ብታውቅ ጆሮ በመያዝ ብቻ አትመለስም ነበር።

ቀይ መብራት ላይ የሚቆም ሌባ

ከጌም ቤት ዘመን በኋላ ሳን አንድሪያስ ወደ እኔ የተመለሰው በፍላሽ ነው። በ2007 ዓ.ም. በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ተማሪ ሳለሁ ከአንድ የዶርም ጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ገለበጥኩት። አሁን ሰዓት የሚቆጥርብኝ የለም፤ ሴቭ ማድረግም እችላለሁ። ስለዚህ በአንድ ወር ውስጥ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጨረስኩት፤ እዚህም ላይ ግን የልጅነት እጄ ታሪኩን እየዘለለ ነበር። ዘላለም ስዘልለው ስለኖርኩ መዝለል የጨዋታው ክፍል መስሎኝ እንደነበር አሁን ይገባኛል።

ከጨረስኩት በኋላ ነው እንግዲህ በእውነት መመለስ የጀመርኩት። ፈተና የከፋብኝ ቀን፣ ከሰው የተጣላሁ ቀን፣ በኋላም አዲስ አበባ ሥራ ይዤ በኪራይ ቤት ብቻዬን በምኖርበት ጊዜ እሑድ ማታ ሲመጣ፣ ያንኑ መንገዱ ሁሉ የተከፈተበትን ሴቭ እከፍታለሁ። ምንም ተልእኮ አልሠራም። አሮጌ ፒክአፕ አገኝና ኬ-ሮዝ የሚባለውን የአሜሪካ ገጠር ዘፈን ጣቢያ ከፍቼ ከከተማው እወጣለሁ። ወደ ማታ ሰማዩ ብርቱካንማ ይሆናል፤ ጭጋግ ከሩቅ ይመጣል፤ ቺሊያድ ተራራ ጫፍ ላይ ወጥቼ መኪናውን አቆምና ከታች መብራት አንድ በአንድ ሲበራ አያለሁ። ከጎሃ ኮረብታ ላይ ሆነው ጎንደርን በምሽት አይተው የሚያውቁ ሰዎች ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃሉ። አንድ ቀን ደግሞ እየነዳሁ ሳለሁ የትራፊክ መብራት ቀይ ሲሆን ቆሜ እየጠበቅሁ ራሴን አገኘሁት። መኪና መስረቅን ስሙ ባደረገ ጌም ውስጥ፣ በተሰረቀ መኪና፣ ቀይ መብራት ላይ! ሰው ለማረፍ ሲፈልግ እንዲህ ጨዋ ይሆናል መሰለኝ።

ለምን ደስ እንደሚለኝ ለራሴ ለማስረዳት ብዙ ነገር አንብቤአለሁ። ሮበርት ዛየንስ የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ በፈረንጆቹ 1968 ባሳተመው ጥናት ትርጉም የሌላቸው ቃላትንና ቻይንኛ መሰል ፊደሎችን ለሰዎች ደጋግሞ ያሳያቸዋል። ሰዎቹ ትርጉሙን ባያውቁም ደጋግመው ያዩትን አንድ ጊዜ ብቻ ካዩት ይልቅ ወደዱት። ለመውደድ መረዳት አያስፈልግም፣ መላልሶ ማየት ይበቃል ማለት ነው። ይህን ሳነብ የሳቅሁት ያ አግዳሚ ትዝ ብሎኝ ነው፤ በማንም ቋንቋ የማይገባንን ጌም ከነፍሳችን ወደነው ነበርና። ፖሊሱ እንኳን በታዋቂው ተዋናይ በሳሙኤል ኤል ጃክሰን ድምፅ እንደሚናገር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ሊናገር አፉን ሲከፍት ኤክስ እየተጫንን ድምፁን ከየት እንስማው?

ይሁንና የዛየንስ ነገር ለእኔ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚሄደው። ደጋግሞ ማየት ያስወድዳል፤ እሺ። ደጋግሞ አለማየትስ? እኔ ያንን የመጀመሪያ ክፍል ከየትኛውም ነገር በላይ ብዙ ጊዜ በፊቴ አሳልፌዋለሁ፤ ከጌሙ ሁሉ የማላውቀው ብቸኛ ነገር ግን እሱ ነበር።

አራተኛው ሌሊት

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከጎንደር ተደወለልኝና «እናትህን ትንሽ አመም አድርጓታል፤ ብትመጣ ጥሩ ነው» ተባልኩ። አበሻ የሆነ ሰው ይህች «ትንሽ አመም» ምን እንደምትሸከም ያውቃል፤ እኔም አውቄ እንዳላወቀ ሆንኩ። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ የተቀበለኝ ዘመዴ ሻንጣዬን ሲይዝ ፊቴን አላየኝም። ቀብሯ ትናንት ተፈጽሞ ነበር። ቤት ስገባ ድንኳኑ ተተክሏል፤ የዕድሩ ወንበር ተደርድሯል፤ መኝታ ክፍሏ ውስጥ ትኖር የነበረችው ፎቶግራፏ ተነሥታ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች፤ ከፊቷ ጧፍ በርቷል። ታላቅ እህቴ አቅፋኝ አለቀሰች፤ ከዚያ በኋላ ግን አላናገረችኝም። ለምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በበጋው እመጣለሁ ብዬ ቀርቻለሁ፤ ለፋሲካም እንዲሁ።

ሠልስቱ አልፎ ሰው ሳሳ ሲል፣ በአራተኛው ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ ነበር። የሞባይል ዳታ በከተማው ከማይሠራ ቆይቷል። የእህቴ ልጅ ከእኔ ጋር ፍራሽ ላይ ተጋድሞ እንቅልፍ አልወስደው ሲል ስልኩን አወጣ። ሳን አንድሪያስን ከሰፈር ልጅ በዜንደር ተቀብሎ እንደነበር ያኔ አወቅሁ፤ ኢንተርኔት በሌለበት ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የከረመው ይሄው ሽማግሌ ጌም ኖሯል። «ጋሼ፣ ይሄን ታውቀዋለህ? ቆይ ከመጀመሪያው ላሳይህ» ብሎ አዲስ ጀመረልኝ። ለቀባሪው አረዱት! ቢሆንም ዝም አልኩት፤ በዚያ ሳምንት አንድ ሰው ስለ ሞት ሳያነሣ ሲያናግረኝ የመጀመሪያው ነበር።

አውሮፕላኑ፣ ታክሲው፣ ፖሊሶቹ፣ ብስክሌቷ። ልጁ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ጣል ጣል እያደረገ ሁሉንም ዘለላቸው። ከዚያም ሲጄ ግሮቭ ስትሪት ደርሶ ወደዚያ ቤት ገባ። ጣቱን ሊያሳርፍ ሲል ነው እንግዲህ «ቆይ» ያልኩት። ለምን እንዳልኩ ዛሬም በትክክል አላውቀውም። ምናልባት ሰውየው በሩን አልፎ ሲገባ አካሄዱን አይቼው ይሆናል። ከሦስት ቀን በፊት እኔም በአንድ በር እንደዚያው ገብቻለሁ።

«ይሄ እኮ ወሬ ነው፤ ይዘለላል።»

«ይሁን፤ አንዴ እንየው።»

አየነው። ሲጄ ባዶ ቤት ውስጥ ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ ዕቃውን ያያል፤ የእናቱ ፎቶግራፍ ጋ ሲደርስ ይቆማል። የድሮ ድምፆች በጆሮው ይመጡበታል። ትከሻው ይወድቃል። ይህ ሁሉ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ወዲያው ቢግ ስሞክ የሚባለው ወፍራሙ ጓደኛው ሌባ የገባ መስሎት ዱላ ይዞ ይመጣበታል፤ ይተዋወቁና ይተቃቀፋሉ፤ ከዚያ ወደ መካነ መቃብር ይሄዳሉ። እዚያ ታላቅ ወንድሙ ስዊት ከእህታቸው ጋር ቆሟል፤ ሲጄን ሲያየው ጥሎ መሸሹን እያነሣ ይወቅሰዋል። ሰውየው አምስት ዓመት ሌላ ከተማ ኖሮ የተመለሰው እናቱ ተገድላ ነው። ለወንድሙ የታሰበ ጥይት ነው እሷን ያገኛት። ጌሙ ሁሉ፣ ያ ሁሉ መኪና፣ ያ ሁሉ ኮድና ብስክሌት፣ የሚጀምረው ከአንድ ልቅሶ ቤት ነው።

ልጁ እንግሊዝኛው ብዙም አልገባውምና ጠየቀኝ።

«የሞተችው ማን ናት?»

«እናቱ።»

«የሲጄ?» ስልኩን ዝቅ አደረገ። «ሲጄ እናቱ ሞታለች እንዴ? ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

በጨለማው ውስጥ ትንሽ ቆየን። ያኔ ነው የእናቴ ድምፅ ከጌም ቤቱ በር ላይ የመጣብኝ፤ «እናት የለውም እንዴ?»። ሁሉም የሳቀበትን ጥያቄ እሷ በመጀመሪያ እይታዋ ትክክል ጠይቃ ነበር፤ መልሱም አንድ ኤክስ ብቻ ባንጫን ኖሮ እዚያው ስክሪኑ ላይ ነበረ። «እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ» ይባላል። እኛ አግዳሚው ላይ የነበርነው ሁላችን እናቶቻችን ገበያ የሄዱብን ነበርን፤ ሲጄን ግን እንደ አንዳችን ቆጥረን ለቅሶውን ሳናስጨርሰው ወደ ጨዋታ ጎትተነው ወጥተናል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ በመቶ ጊዜ።

ከዚህ የባሰ የገረመኝ ሌላ ነገር አለ። በሳን አንድሪያስ መጀመሪያ ላይ ሴቭ የሚደረገው ያ ቤት ውስጥ ነው። ትንሽ ዲስክ እየተሽከረከረች ትጠብቅሃለች፤ ትገባባታለህ፤ የጌሙ ሰዓት ስድስት ሰዓት ወደፊት ይዘላል፤ ጤናህ ይመለሳል። ለዓመታት «ጭንቅላቴን ያሳርፈኛል» ስል የነበረው ይህንን ነው። ከፍቶኝ በተመለስኩ ቁጥር፣ የት እንደገባሁ ሳላውቅ፣ የሞተች እናት ቤት ገብቼ ነበር የማርፈው።

ልጁ መቃብር ቦታው ላይ ከደረሰባቸው ተኩስ በብስክሌት አምልጦ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ስልኩ አሥራ ሁለት በመቶ ቀርቶታል። «ሴቭ ላድርግ?» አለኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አስፈቅዶኝ አያውቅም። ዲስኳ ላይ ቆመ፤ ስድስት ሰዓት አለፈ። በሩ ተገፋና እህቴ ሻማ ይዛ ገባች። ስልኩን፣ እሱን፣ እኔን አየች። በልቅሶ ቤት ጌም በመጫወት የምንሰማውን ስጠብቅ «ተኙ እንጂ፤ ጠዋት ሰው ይመጣል» አለች። «እሺ እትዬ» አልኳት። ከመጣሁ ጀምሮ የተነጋገርነው የመጀመሪያው ነበር።

ይቀርበኛል

ከአርባው በኋላ ወደ አዲስ አበባ አልተመለስኩም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ቤቱም መንገዱም ሥራውም አለበት። እዚሁ ነኝ። ሳን አንድሪያስንም አልተውኩትም። አሁን እንደ ድሮው ያሳርፈኛል ብል ግን ውሸት ይሆናል። አንዳንድ ቀን ፒክአፑን ይዤ ገጠሩን ስዞር የልጅነቱ ሰላም ሳይጎድል ይመጣል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ገና ሲከፈት ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ይቀመጥና እዘጋዋለሁ። ያወቁትን ነገር አለማወቅ አይቻልም። ቢሆንም ያለማወቅ ዘመኔን መልሱልኝ አልልም፤ ለአሥራ ሰባት ዓመት በደጁ እየተመላለስኩ ሰውየውን «እግዜር ያጥናህ» ሳልለው መቅረቴ ነው የሚቆጨኝ። ስለ ጌም እንዲህ ማለት ቂልነት መሆኑን አውቃለሁ። እናቴ ግን «ጌምም ቢሆን» ብላለች።

የእህቴ ልጅ አሥራ ሦስት ዓመቱ ሆኗል፤ ድምፁም መጎርነን ጀምሯል። ከኳስ ጌም ውጭ ብዙም አይነካም። ባለፈው እሑድ ግን ላፕቶፔን ከፍቶ «ጋሼ፣ ሳን አንድሪያስህን ልየው» አለና ሴቬን አስነሣው። ሲጄ ግሮቭ ስትሪት፣ የእናቱ ቤት ውስጥ፣ ቆሞ ታየ። ልጁ ካርታውን ከፍቶ በየከተማው የገዛኋቸውን ቤቶች አንድ በአንድ ተመለከተ።

«ይሄ ሁሉ ቤት እያለህ ለምን እዚህ መጥተህ ነው ሴቭ የምታደርገው?»

«ይቀርበኛል» አልኩት።

ካርታውን እንደገና አየው። እኔ ሁልጊዜ የምዞረው ቺሊያድ ተራራ አካባቢ ነው፤ ቤቱ ያለው በካርታው ማዶ ጫፍ ላይ ነው። ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል። ሳይከራከረኝ ካርታውን ዘጋና ሲጄን ወደ በሩ ወሰደው።